ወዳጆ ያልጨረሰው መጽሐፍ

እትዬ የትምወርቅ ከመንዝ ዘመሮ ለቅቀው ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ እንዲገቡ የተቆረጠው ባለፈው ጥምቀት ነው። ይኸው ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ እሳቸው ግን አሁንም ዘመሮ፣ አሁንም የስፌት መኪናቸው ላይ ናቸው። ያስቀራቸው ጉልበታቸው አይደለም። ጉልበታቸውማ ሂጂ ሂጂ ነው የሚላቸው። ያስቀራቸው አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱም በእጃቸው የለም።

ልጃቸው አብነት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ይሠራል፤ ሚስቱም እንደዚሁ። ቤት ሠርተዋል፤ ለእናት የሚሆን ክፍልም አለው። ትንሿ ልጃቸው ሳሌም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር የሚከፍትላት ሰው ስለሌለ ጎረቤት ደጃፍ ተቀምጣ ነው ወላጆቿን የምትጠብቀው። አብነት፣ "እማዬ፣ ብርዱም ጉልበትሽን ጨረሰው፤ ነይ በቃ" ብሎ ሲለምን፣ እትዬ፣ "ደብረ ብርሃን ደግሞ መቼ ነው ቆላ የሆነው?" ብለው ሳቁበት። ግን እሺ አሉ። እሺ ሲሉ አንድ ነገር ብቻ አስያዙ፤ "የያዝነውን መጽሐፍ ሳንከፍት አልሄድም።" አብነት መጽሐፍ ለመክፈት ምን ያህል ጊዜ ቢፈጅ ነው ብሎ ተስማማ። ምስኪን፣ የእነሱ አከፋፈት ምን እንደሆነ አያውቅም።

የዘመሮ ሰው እትዬ የትምወርቅን የሚያውቃቸው በዩኒፎርም ነው። በከተማው ትምህርት ቤት ካለፈው ልጅ የብዙውን ክንድ ለክተዋል። ከስፌቱ ጎን የሚኖሩት ሌላ ኑሮ ግን ንባብ ነው። በእጃቸው የገባ ወረቀት ሳይነበብ አይወጣም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ ዘርግተው አንብበው፣ "የዚህ ቀሪው የት አለ?" ብለው ባለሱቁን ያፋጠጡ ሴት ናቸው። ባለሱቁ ዛሬም ድረስ ሲያያቸው ስኳሩን በፌስታል ነው የሚሰጣቸው።

እንዲህ ያለ አመል ያለው ሰው ብጤውን አያጣም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በስፌት ቤታቸው ሦስት ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንደኛው መምሬ አትናቴዎስ ናቸው፣ የደብሩ ቄስ። ዳዊቱን በቃላቸው ይወጡታል፤ ልብ ወለድ የያዙ ሰሞን ግን መብላት ስለሚረሱ፣ ሚስታቸው "መምሬ ያለጾሙ ጾመዋል" እያለች ለጎረቤት ታማቸዋለች። ሁለተኛዋ ጽናት ናት፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር አዲስ አበባ ወርዳ አንድ ሁለት መጽሐፍ ሳትይዝ አትመለስም። ሦስተኛው ወዳጆ ነው።

ወዳጆ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ፊደል የቆጠረው በጎረምሳነቱ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ዛሬም ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ቃል ከጣመው ተመልሶ ይደግመዋል። ከሁሉም ቀርፋፋው አንባቢ እሱ ነው። እትዬ ግን ስለ መጽሐፍ ማውራት ከማንም ይልቅ ከወዳጆ ጋር ይወዳሉ። ሌሎቹ ያነበቡትን ያወራሉ፤ ወዳጆ ግን መጽሐፉ ውስጥ ስላሉት ሰዎች የሚያወራው ትናንት ገበያ ላይ አግኝቷቸው እንደመጣ ሰው ነው።

ደንቡን ያወጣውም እሱ ነው። መነሻው የመምሬ ስሕተት ነበረች። ከጥቂት ዓመት በፊት ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ የሚተርክ መጽሐፍ በአራቱ መካከል ይዞር ነበር። መምሬ ሲያነቡት አድረው፣ ጠዋት ቀድሰው፣ ሕዝቡን አሰናብተው ሲያበቁ ወዳጆን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አገኙትና ሳያስቡት፣ "ለካ የገደለው ወንድምየው ኖሯል!" አሉት። ወዳጆ ገና ሬሳው አልተገኘለትም ነበር። መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ብሎ የነበረው ሰውዬ ቀና አለ።

"መምሬ" አለ፣ "ጓሳ ተዘግቶ ሳለ ማጭድ ይዞ ይገባል?"

ጓሳ አገሬው በጋራ የሚያስጠብቀው የሣር ተራራ ነው፤ ወዳጆም በጉብዝናው ጠብቆታል። ጓሳ ሲዘጋ ማንም ሣር አያጭድበትም፣ ማንም ከብት አይነዳበትም፤ ሲከፈት ደግሞ ባለመብቱ ሁሉ በአንድ ቀን እኩል ይገባል። ይኸው ሥርዓት ለመጽሐፍም እንዲሆን ያን እሁድ ተስማሙ። አንድ መጽሐፍ መዞር ሲጀምር ይዘጋል። አራቱም እስኪጨርሱ ስለ ውስጡ ትንፍሽ የለም። የመጨረሻው ሰው ጨርሻለሁ ሲል፣ አራቱም ባሉበት ይከፈትና እስኪበቃቸው ያወሩታል። ከተዘጋ መጽሐፍ አንዲት ነገር ያሾለከ፣ ቅጣቱ ቀጣዩን መጽሐፍ ከሁሉም ኋላ ማንበብ ነው። በኋላም አንድ መጽሐፍ በአህያ ነጂ ተልኮ በዝናብ ርሶ ሊጥ ስለ ሆነ፣ ሌላ ደንብ ጨመሩ፤ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ይሄዳል፣ በሰው አይላክም።

ደንቡ ጨዋታቸውን ያጠፋዋል ብለው ፈርተው ነበር፤ ይብሱን አጣፈጠው። በተዘጋ መጽሐፍ ላይ የሚፈቀደው ወሬ የመንገደኛ ወሬ ብቻ ሆነ። "የት ደረስሽ?" ሲሉ መምሬ፣ ጽናት፣ "ሜዳ ወጣሁ፤ ነፋሻ ነው" ትላለች። እትዬ ደግሞ፣ "ቁልቁለት ነው፤ እግሬን መያዝ አቃተኝ" ካሉ፣ መጽሐፉ ልብ ሰቃይ ቦታ እንደ ደረሰ ይታወቃል። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ይህን ሰምቶ የት አገር ሄደው ነው ብሎ ይገረማል።

እንግዲህ እትዬን ያስቀራቸው መጽሐፍ ጽናት ለገና ያመጣችው ነው። ስለ አንድ በቅሎ ነጂ ይተርካል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ ከከተማ ከተማ ሲያመላልስ የኖረ፣ የትም ተክሎ የማያውቅ ሰው ነው። ጽናት አነበበችው፤ መምሬ በሳምንት ጨረሱት፤ እትዬም እንደ ልማዳቸው ስፌቱን ጥለው ላፍ አደረጉት። ከዚያ ለወዳጆ ሰጡት። ይኸው እንደ ሰጡት ቀረ።

ጾሙ ገባ፣ ወዳጆ ገና ነበር። ፋሲካ ሆነ፣ ወዳጆ ገና ነው። "የት ደረስክ?" ሲሉት፣ "አቀበት ላይ ነኝ" ይላል። በቀጣዩ እሁድ፣ "ጉም ወርዶብኛል" ይላል። መምሬ ስለዚያ መጽሐፍ መጨረሻ መናገር አምሯቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ። አብነትም በየሳምንቱ ይደውላል። "እማዬ፣ ተከፈተ?" "ገና ነው፣ ልጄ።" በኋላ በኋላ ድምፁ እየከረረ መጣ። ክረምቱ ሳይገባ መምጣት አለብሽ፣ ሳሌም በየቀኑ ትጠይቃለች አላቸው። እትዬም የሰጡት ቃል ሁለት መሆኑ ከበዳቸው፤ አንዱ ለልጃቸው፣ አንዱ ለመጽሐፉ።

ለሳሌም የሚሆን ትንሽ ባና ለወዳጆ አዝዘውት ነበርና፣ በግንቦት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሊቀበሉት ሄዱ። ባጃጅ መንገዱ እስከፈቀደለት አደረሳቸው፤ የቀረውን ጉልበታቸውን እያባበሉ በእግራቸው ወጡ። በሩ ክፍት ነበር፤ የሸማኔው ቦታ ባዶ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከድንጋዩ ካብ ማዶ ግን የወዳጆ ድምፅ ይሰማል። ከፋሲካ በኋላ የተወለደችውን የፈረሱን ውርንጭላ ይጣራል።

"ቀጠሮ! ነይ፣ ቀጠሮ! ነይ የእኔ እመቤት!"

እትዬ የትምወርቅ ካቡን ተደግፈው ቆሙ።

የመጽሐፉ በቅሎ ስም የላትም። ከዳር እስከ ዳር "ያቺ በቅሎ" ነው የምትባለው፤ ሰውየው ስም ካወጣሁላት መለየት ይከብደኛል ብሎ ይፈራል። በመጨረሻው ገጽ፣ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ብቻ፣ ድሮ የተዋት ሴት ያለችበትን ከተማ መብራት ከሩቅ አይቶ በቅሎዋን ወደዚያ ሲያዞር በስሟ ይጠራታል። ቀጠሮ ይላታል። ያ መስመር ጋ ሲደርሱ እትዬ ራሳቸው መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ለረጅም ጊዜ ተቀምጠዋል። በመላው መንዝ ውርንጭላውን ቀጠሮ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ወዳጆ ውርንጭላዋን እያሻሸ ብቅ ሲል አያቸው። ፊቱ ተቀያየረ።

"እትዬ! መቼ መጡ?"

"አሁን መድረሴ ነው።"

"ምነው ድምፅ አላሰሙ?"

"አንተ እየተጣራህ ነበራ።" ውርንጭላዋን አዩዋት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። "ታምራለች።"

"ታምራለች" አለ ወዳጆ። ስሟን አልነገራቸውም።

ባናውን አወጣላቸው። ዳር ዳሩን በጥቁር ጠጉር አሳምሮታል፤ የልጅ መሆኑን አስቦ ጠጉሩን እንዳይኮሰኩስ አድርጎ አስፈትሎታል። እትዬ መረቁት። ሊወጡ ሲሉ፣ "መጽሐፉስ?" አሉት፣ የሚያውቁትን በሆዳቸው ይዘው።

"አቀበቱ አላልቅ አለኝ፣ እትዬ። በዚያ ላይ ጉሙ" አለ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ።

ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ተናደዱ። ሰው ልጁን እያስከፋ ቃሉን ሲጠብቅ፣ ይሄ ጨርሶ አስቀምጦ ያሾፋል? መምሬን ጓሳ ሲዘጋ ማጭድ ይዘው ገቡ ብሎ የቀጣ ሰው! እሁድ በሰው ፊት አዋርደዋለሁ ብለው ቆረጡ። የከተማው ቆርቆሮ መታየት ሲጀምር ግን ንዴቱ እየላላ መጣ። ወዳጆ ሚስቱን የቀበረ ሰሞን እሁድ መምጣቱን ትቶ ነበር። ሲመለስ ስለ ኀዘኑ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ቁጭ ብሎ፣ "ያቺ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው መበለት ግን፣ ማታ ማታ ለማን ነው ራት የምታቀርበው?" ብሎ ጠየቀ። መምሬ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ በዐይናቸው አስቆሟቸው። ወዳጆ ያን ቀን ስለዚያች መበለት ሲያወራ ዋለ፤ እትዬም ሲሰሙት ዋሉ።

ባናውን አልጋቸው ላይ አስቀምጠው ሳይቀመጡ ስልኩ ጮኸ። አብነት ነበር።

"እማዬ፣ ሐሙስ መኪና ይዤ እመጣለሁ። መጽሐፉ ካልተከፈተ ይዘሽው ነይ፣ እዚህ እንከፍተዋለን።"

እትዬ ሊያስረዱት አልሞከሩም። "እሺ፣ ሐሙስ" አሉት።

በማግስቱ እሁድ ሦስቱም እንደ ልማዳቸው መጡ። ሐሙስ እንደሚሄዱ ነገሯቸው። ጽናት አንገቷን ደፋች። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ወዳጆ ዞሩ።

"እንግዲህ ሰማህ። የት ደረስክ?"

"ገና ነኝ፣ መምሬ።"

እትዬ መርፌያቸው ላይ ክር እየሰኩ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ "ወዳጆ፣ የውርንጭላህን ስም እስቲ ለመምሬ ንገራቸው" አሉ።

ወዳጆ ባርኔጣውን አወለቀ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ አቧራውን አራገፈ፤ የሚራገፍ አቧራ አልነበረውም።

"ቀጠሮ" አለ በመጨረሻ።

ጽናት አፏን ያዘች። መምሬ ግን ሳቃቸው መጣ፤ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። "ማጭድ ይዞ ይገባል? ማጭድ ይዞ ይገባል፣ ወዳጆ?" ይላሉ፣ ዓመታት የጠበቋትን ቃል እየደጋገሙ።

"ጋሼ ወዳጆ፣ መቼ ነው የጨረሱት?" አለች ጽናት።

"ዐቢይ ጾም ሳይያዝ።"

ሳቁ ቆመ። ወዳጆ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

"እትዬ ሳንከፍተው አልሄድም ብለዋል። እሳቸው ቃላቸውን አያጥፉም። እኔ ካልጨረስኩ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ አይሄዱም። እንዲያ ብዬ ነው። ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ሳምንቱን ሙሉ ስሸምን የማስበውን ሁሉ ለእሁድ ነው የማጠራቅመው። እሁድ እትዬ ከሌሉ ለማን ልናገረው?"

"እኛስ?" አሉ መምሬ ትንሽ ቅር ብሏቸው።

"እናንተማ ትመልሱልኛላችሁ፣ መምሬ። እትዬ ግን ይሰሙኛል።"

እትዬ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። የተዘጋጁበት ቁጣ የት እንደ ገባ አላወቁም። 

"እኔም ንጹሕ አይደለሁም" አሉ። "አንተ ገና ነኝ ባልክ ቁጥር አብነትን ገና ነው እለዋለሁ። ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ቀለል ይለኛል። ጉልበቴን እያመመኝም ቀለል ይለኛል። መሄዱን ፈርቼዋለሁ፣ ወዳጆ። ግን ልጅቷ በሰው ደጃፍ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሐሙስ እሄዳለሁ።"

"ይሂዱ" አለ ወዳጆ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "እኔ ማቆየት ነው እንጂ ማስቀረት አስቤ አይደለም።"

ከዚያ መጽሐፉን ከጋቢው ሥር አወጣው። በየሳምንቱ ይዞት ይመጣ ነበር ለካ፤ ይዞት ይመጣና ገና ነኝ ብሎ ይመለሳል። ጠረጴዛው ላይ፣ የዩኒፎርሙ ብጣሽ መሃል አኖረው። "ጨርሻለሁ" አለ።

ተከፈተ። እንዲህ ሆኖ ተከፍቶም አያውቅ፤ ያ ሁሉ ወር የታፈነ ወሬ ነው። መምሬ ሰውየው ከሴትዮዋ ቤት ደርሷል፣ ንስሐውም ተቀባይነት አግኝቷል አሉ። ጽናት የለም አለች፤ ጸሐፊው መብራቱን ከሩቅ ብቻ ያሳየን ሳይደርስ ስለሚቀር ነው፣ ደግሞስ ያን ያህል ዘመን የጠበቀች ሴት በር ትከፍታለች ያለው ማነው? እትዬ ስለ ሴትዮዋ እጆች አወሩ፤ የልብስ ሰፊ እጆች እንደ ሆኑ ጸሐፊው አንድም ቦታ ሳይጽፍ እሳቸው እንዴት እንዳወቁት። ወዳጆ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ተናገረ።

"ደርሷል። ስም ያወጣላትን በቅሎ ይዞ መንገድ ላይ አይቀርም። እኔ የማላውቀው ከደረሰ በኋላ ምን እንዳላት ነው። ውርንጭላዬን በዚያ ስም እየጠራሁ ስንት ቀን አሰብኩት፤ አልመጣልኝም።"

እትዬም እንደ ልማዳቸው አልመለሱለትም። ሰሙት።

ሊነሡ ሲሉ መምሬ እጃቸውን አነሡ። "ቅጣቱስ? ደንብ ደንብ ነው። ከተዘጋ መጽሐፍ ስም አውጥቶ ለውርንጭላ ሰጥቷል።"

"ቀጣዩን መጽሐፍ ከሁሉም ኋላ ያነባል" አለች ጽናት። ከዚያ ፊቷ ቀላ። እሷና መምሬ ወዳጆን ሲጠብቁ ሰልችቷቸው፣ በድብቅ ሌላ ዙር ጀምረዋል። ሁለቱም አንብበው ጨርሰውታል። ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻቸው፤ ድልብ መጽሐፍ ነው።

መምሬ በጣታቸው ቆጠሩ። "ጽናት አንብባዋለች። እኔ አንብቤዋለሁ። የቀረነው… የቀራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። ወዳጆ በቅጣት መጨረሻ ነው። እንግዲህ የትምወርቅ ታነበዋለች፤ ለወዳጆ ታቀብለዋለች።" ቆም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ከእጅ ወደ እጅ። በሰው አይላክም" አሉ።

"እንግዲያው ሲጨርሱት ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ ማለት ነው" አለች ጽናት። እትዬ መጽሐፉን ከጽናት እጅ ተቀብለው ውፍረቱን በአውራ ጣታቸው ለኩት፣ ጨርቅ እንደሚለኩ።

ሐሙስ አብነት መኪና ይዞ መጣ። የስፌት መኪናዋ ተጫነች፣ አልጋው ተጫነ፣ ባናው እትዬ ጭን ላይ ሆነ። ጎረቤቱ ወጣ፣ መምሬ መስቀል አሳለሙ፣ ጽናት አቅፋ አለቀሰች። ወዳጆ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። አብነት ሞተሩን ሲያስነሣ ወደ መስኮቱ መጣና፣ እትዬ እጅ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየት አድርጎ እጁን የመኪናው በር ላይ አኖረ። በሕይወቱ አንድ ገጽ አጣድፎ አንብቦ የማያውቀው ሰውዬ ነው።

"እትዬ" አለ፣ "ቶሎ ቶሎ ያንብቡት።"